ስድስት ዓመት ያላለቀ የፍሬን ሸራ

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበረ። መኪናውን የሚያማ፣ ተሳቢውን ግን የሚያሞግስ ሾፌር ነበረ።

ታሪኩን የተናገሩት ቄስ አድማሱ ናቸው። ደብራቸው ያለው የጭነት መኪናዎች ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት በሚያርፉባት ትንሽ ከተማ ስለሆነ፣ ከንስሐ ልጆቻቸው ግማሾቹ ሾፌሮች ናቸው፤ ምሳሌያቸውም ከጎማና ከሞተር ብዙ አይርቅም። የጠየቃቸው ደግሞ ደምሰው የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር አገኛቸውና እንዲህ አላቸው፤

«አባ፣ ቅዳሜ ቤቴ መጥተው ትርንጎን ይምከሩልኝ። ሳገባት ሳቂታ ነበረች። አሁን ከሥራ ስመለስ እሳት ሆና ነው የምትቀበለኝ። መንታዎቹ ላይ ትጮኻለች፤ እናቴ ስትጠራት ፊቷ ይጠቁራል፤ ድስት ስታነሣ እንኳ ድስቱ ያለቅሳል። እኔ ግን ያው ነኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ጎረቤት ይመስክር። ምክር የማትሰማ ከሆነ ወደ እናቷ ቤት ልመልሳት አስቤያለሁ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን፣ እኔ ሳልቃጠል እሷ ብቻ ለምን ትቃጠላለች?»

ቄስ አድማሱ ከዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እሱንም አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ ነው የሾፌሩን ነገር ያነሡት።

ሾፌሩ ከደጋ ወደ ቆላ ሲሚንቶ የሚያመላልስ ሰው ነበረ። ፊት ለፊት ሞተሯና ጋቢናዋ ያሉባት፣ ራሷም ጭነት የምትሸከም መኪና አለችው፤ ከኋላዋ ደግሞ በብረት ዘንግ የተያያዘ ተሳቢ ይከተላታል። ሁለቱም እኩል ይጫናሉ። መንገዱ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው፤ አንዱ መታጠፊያ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ከግርጌው ገበያ የሚቆምባት ከተማ አለች፤ የመንገዱ መጨረሻም የገበያው መጀመሪያ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ መኪና ሽንኩርት ሻጯን «እስቲ ዞር በዪልኝ» ብሎ አይለምናትም።

ሾፌሩ ሰነፍ አልነበረም። ይህን አጥብቀው ነው የተናገሩት። ከመነሣቱ በፊት ዘይት ያያል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ቁልቁለቱን ሲይዝ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ጉልበት ይወርዳል እንጂ፣ እንደ አንዳንዶቹ ከአናት እስከ ግርጌ ፍሬን ላይ ቆሞ አይወርድም። ይህን ሁሉ እያደረገ ግን የመኪናዋ የፍሬን ሸራ በየሁለት ወሩ ያልቅበት ነበር። የፍሬን ሸራ ማለት ፔዳሉ ሲረገጥ በጎማው ውስጥ ያለውን የብረት ታምቡር እየፈተገ የሚይዘው ነገር ነው። ሲይዝ ይሞቃል፤ ሲሞቅ እያደር ያልቃል፤ ተፈጥሮው ነው። የዚህች መኪና ግን ልክ አለፈ። ቁልቁለቱን ወርዳ ስትቆም ከጎማዎቿ ጭስ ይወጣል። ስትይዝ ሲጢጥ ትላለች። ሽታዋ ከእሷ ቀድሞ ከተማ ይገባል፤ ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮችም አፍንጫቸውን ይዘው «መጣህ? መጣች?» ይሉታል።

ተሳቢው ሌላ ነገር ነበር። ያገለገለ ሆኖ ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን ሸራው አልተቀየረም። አይጮኽም፤ አይጨስም፤ አይሸትም። ሾፌሩ ስለ እሱ ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለሰልሳል። «ጨዋ ነው» ይላል። «ከጨዋ ቤት የወጣ ነው። እንደዚህች ጨቅጫቃ አይደለም።»

የዚያ መስመር ሾፌሮች አንድ ልማድ አላቸው። አዲስ ነገር ያገኘ፣ መኪና ይሁን ሞተር፣ ባልደረቦቹን ጋብዞ ያስመርቃል፤ ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም። ሾፌራችን ልማዱን ገለበጠው። አዲስ ላገኘው ነገር ሳይሆን ላላለቀበት ነገር መደገስ ጀመረ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ ተሳቢው በተገዛበት ቀን፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው ጋራዥ ግቢ ውስጥ በግ ያርዳል። ድግሱን «የሸራው ልደት» ይሉታል። ሥርዓትም አለው። ሾፌሩ ጭነቱን እንደ ያዘ ከቁልቁለቱ ወርዶ ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ ከጋቢናው ይወርዳል፤ በመኪናዋ አጠገብ አፍንጫውን ይዞ ያልፍና የተሳቢውን የኋላ ጎማ ታምቡር በመዳፉ ይጫነዋል። ባልደረቦቹ አብረው ይቆጥራሉ፤ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ሃያ ሲሞላ መዳፉን ያነሣና ለሁሉም ያሳያል።

«አያችሁ? እንደ ምንጭ ድንጋይ!»

እልልታው ይቀልጣል። በጉም ይቀርባል።

በስድስተኛው ዓመት ሾፌሩ አንድ ነገር ቆረጠ። መኪናዋን ሊያስወግዳት ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ነገር ግን በቃው። አሮጌ መኪና እየገዛ በታትኖ ዕቃ ዕቃውን የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ እሱን ለልደቱ ቀን ጠራው። «ምሳ ብላ፤ ከምሳ በኋላ ይዘሃት ሂድ» አለው። ተሳቢውን ለአዲስ መኪና ሊድረው አስቧል።

በዚያ ቀን ጠዋት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሲሚንቶውን ጭኖ ቁልቁለቱን ጀመረ። እንደ ወትሮው ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ተሳቢው ከኋላ ገፋ ያደርጋል፤ ሾፌሩም እንደ ወትሮው ፈገግ ይላል። ግፊያውን ያውቀዋል። ስም እንኳ አውጥቶለታል፤ «ቸኮል» ይለዋል። «ቀልጣፋ ነውኮ» ይላል ለባልደረቦቹ፤ «ይህች ጎታታ ባትይዘው ቀድሟት ይገባ ነበር!»

ከመጨረሻዎቹ መታጠፊያዎች በአንዱ ላይ ግን ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናዋ ቶሎ አልታዘዘችም። ሲጢጥ አለች፤ ጭሱ በመስታወቱ ታየው፤ ፍጥነቱ ግን አልቀነሰም። አጥብቆ ረገጠ። ማርሹን አንድ ደረጃ አወረደ፤ ሞተሩ አገሳ። ቁልቁል ሲያይ የገበያው ድንኳኖች፣ ቢጫና ሰማያዊ ላስቲኮች፣ ፊት ለፊቱ ናቸው። የእናቱን ታቦት ጠራ። ከዚያ መኪናዋ ያዘች። እንዴት እንደ ያዘች ማንም አያውቅም፤ ግን ያዘች። ሾፌሩ ግቢው ውስጥ ሲቆም ነጭ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

«አያችሁ?» አለ ገና ሳይወርድ። «ዛሬ ልትጨርሰኝ ነበር! ሰውዬው መጥቷል ወይ? ይውሰዳት!»

ነጋዴው መጥቷል። ባልደረቦቹም መጥተዋል። በጉ ታርዷል። የዚያ ዓመት ልደት አንድ አዲስ እንግዳም ነበረው። ጋራዡ ከሁለት ሳምንት በፊት የቀጠራት ሴት መካኒክ ናት፤ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ብዙ የማትናገር፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሳታይ የማትፈርድ። ሾፌሮቹ «እህት ዓለም» ይሏታል።

«እህት ዓለም፣ ዛሬ ሥራ የለም» አላት አንዱ። «ባለ ልደቱ ጤነኛ ነው!»

«ጤነኛ ከሆነማ ሰላም ልበለው» አለች።

ሾፌሩ ሥርዓቱን ፈጸመ። መዳፉን ተሳቢው ላይ አስቀመጠ፤ ሃያ ተቆጠረ፤ እልል ተባለ። ለማዕድ እጅ መታጠብ ተጀመረ። ማንቆርቆሪያው ዞሮ መካኒኳ ዘንድ ደረሰ። ታጠበች፤ ፎጣውን ግን አልተቀበለችም። ውኃ የሚንጠባጠቡ ጣቶቿን ወደ ላይ ይዛ ቀጥ ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች።

«እንዴ! ጸበል ልትረጪ ነው?» አለ አንድ ወፍራም ሾፌር።

«ፍሬን በጸበል ድኖ አያውቅም» አለች ሳትዞር። «ቢድንማ እኔ ምን እበላ ነበር?»

በመኪናዋ የፊት ጎማ ታምቡር ላይ ጣቷን አርገፈገፈች። ውኃው ቸስ አለና ጠፋ። ወደ ኋላ ጎማዋ ሄደች። ቸስ! በዚያኛው ጎን ዞረች። ቸስ! ቸስ! ሰዎቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ጨዋታ መሰላቸው። ከዚያ ወደ ተሳቢው ደረሰችና የቀረውን ውኃ በታምቡሩ ላይ ረጨችው። ድምፅ የለም። ጠብታዎቹ በአቧራው ላይ ቀጭን መስመር እየሠሩ ቀስ ብለው ወደ መሬት ወረዱ። በሌሎቹ ጎማዎችም እንዲሁ ሆነ። አንዷ ጠብታ ብረቱ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ጋሼ» አለች መካኒኳ ወደ ሾፌሩ ዞራ፣ «ይህ ተሳቢ ከላይ እስከ ታች አብሮዎት ነበር?»

«ታዲያ በአውሮፕላን መጣ?»

«በአውሮፕላን እንዳልመጣ አውቄ ነዋ የምጠይቅዎ። መኪናዋ ስትነድ ትታያለች። እሱም ያንኑ ቁልቁለት ወርዷል፤ እሱም ያንኑ ያህል ሲሚንቶ ይዟል። በመንገድ ላይ ፍሬን ይዞ ቢሆን መሞቅ ነበረበት። ያልሞቀው ስላልያዘ ነው።»

«ጠንካራ ስለሆነ ነው!» አለ ሾፌሩ። ፊቱ ቀላ። «ስድስት ዓመት ያላለቀ ሸራ ነው! ስድስት ዓመት!»

«ያላለቀው ስላልሠራ ነው ጋሼ። ምንም ያልነካ ሸራ በምን ያልቃል?»

ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የሾፌሩን ፊት አየ። በግ የሚጠብሰው ሰው እንኳ መጥበሻውን ከእሳቱ አነሣ። ሾፌሩም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ ትልቅ ነገር አደረገ፤ «እንግዲያው በዓይኔ ልየው» አለ።

ጎማዎቹ ሥር ታኮ ገባ። ወፍራሙ ሾፌር ጋቢና ወጥቶ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠ። ባለ ድግሱ ግን ነጭ ሸሚዙን ሳያወልቅ፣ ዘይት በጠጣው መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። መካኒኳ በጎኑ ተኝታ ሸራውን የሚገፋውን ክንድ በጣቷ አሳየችው።

«ርገጥ!» አለ ሾፌሩ።

ፍሬኑን የሚገፋው አየር «ጢስ» አለ፤ የመኪናዋ ክንዶች ብቅ ብለው ሸራውን ከታምቡሩ ጋር አጣበቁት። «ልቀቅ!» ተመለሱ። አሁንም «ርገጥ!» አሁንም ብቅ አሉ። ምንም ሳይሰስቱ፣ ትኩስ እንደ ሆኑ።

ሾፌሩ እየተሳበ ተሳቢው ሥር ገባ።

«ርገጥ!»

ምንም የለም።

«ርገጥ አልኩህ!»

«ረግጫለሁ!»

«በደንብ ርገጥ!»

«ከዚህ በላይ ከረገጥኩ እግሬ መሬት ይነካል!»

የተሳቢው ክንድ አልተነቃነቀም። በላዩ ላይ ሸረሪት ድር ሠርታለች፤ ድሩ እንኳ አልተበጠሰም።

እዚህ ላይ ደምሰው መታገሥ አልቻለም። ጭኑን መትቶ ሳቀ። «አይ ቂል! አባ፣ ይህ ሰውዬ በየዓመቱ በገዛ እጁ ሲነካው፣ ለምን ቀዘቀዘ ብሎ አይጠይቅም?»

«ደስ ይለው ነበራ» አሉ ቄስ አድማሱ። «ደስ የሚያሰኘውን ነገር ማን ይመረምራል?»

«ያቺ መኪና አፍ ቢኖራት ጉዱን ታወጣ ነበር!»

«ነበራት እንጂ። ሲጢጥ ትል ነበር። ጨቅጫቃ አላት።»

ደምሰው አሁንም ሳቀ፤ ቄስ አድማሱም አብረውት ሳቁና ቀጠሉ።

ሾፌሩ ነገሩን ካየ በኋላም ከተሳቢው ሥር ቶሎ አልወጣም። ተንጋሎ ቀረ። የስድስት ዓመት መታጠፊያዎች አንድ በአንድ ይመጡበት ጀመር። «ቸኮል» ያለው ያ ግፊያ ቅልጥፍና አልነበረም፤ ራሱን ያልያዘ ሸክም በፊተኛዋ ላይ ሲወድቅ ነው። እሷ የራሷን ጭነት ትይዛለች፤ የእሱንም ትይዛለች፤ ሾፌሩንም ትይዛለች፤ ገበያው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ትይዛለች። እየነደደች ይዛ፣ ግርጌ ስትደርስ አፍንጫ ይያዝባታል። በግ የሚታረደው ግን ለሌላው ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ ልትሸጥ በተፈረደባት ቀን፣ ይዛዋለች።

ሲወጣ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ነበር። ነጋዴው ሰዓቱን አየና «ታዲያ እኔ ይዣት ልሂድ?» አለው።

«የቱን?» አለ ሾፌሩ። «ዝም ብለህ ብላ አንተ!»

ሥራው እስኪያልቅ ማንም ማዕድ አልቀረበም። መካኒኳ ፔዳሉ ሲረገጥ አየሩን ወደ ተሳቢው የምታሳልፈውን ቫልቭ ፈታች። መጠኗ ጡጫ ታክላለች። ውስጧ በዝገትና በአቧራ ደርቆ፣ አየሩ ከበሯ ላይ ደርሶ ይመለስ ነበር። አዲስ ቫልቭ ገባ። የተሳቢው ጎማዎች ተፈትተው ክንዶቹ ተጠረጉ፤ ቅባት ጠጡ፤ ተስተካከሉ። የመኪናዋ የተቃጠለ ሸራም ወጥቶ አዲስ ገባላት፤ መካኒኳ በዚህ ላይ ቀልድ አላወቀችም። «እሱ መሥራት ስለ ጀመረ የእሷ ድካም አልዳነም። የደከመችውን መጀመሪያ አሳርፏት» አለች።

«ኧረ ሥጋው ቀዘቀዘ!» አለ በግ ጠባሹ።

«ለቅዝቃዜማ ተሳቢውን የሚያህል የለም!» አለው ወፍራሙ ሾፌር፤ ሾፌሩ ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ።

ሲያልቅ አንዱ «ሲሚንቶውን አውርደን እንሞክረው፤ ለጥንቃቄ» አለ። መካኒኳ ራሷን ነቀነቀች።

«ባዶውንማ ሜዳ ላይ ማንም ያቆመዋል። በየዓመቱ ምርመራ ያለፈውም እኮ ባዶውን፣ ሜዳ ላይ ነው። ፍሬን የሚታወቀው ከነጭነቱ ነው።»

ከከተማዋ ማዶ አንዲት አጭር ቁልቁለት አለች፤ ታችኛው ጫፏ መልሶ ዳገት ስለሆነ ለሙከራ የምትመች ናት። ሾፌሩ እዚያ ወሰዳት። መካኒኳ አጠገቡ ተቀመጠች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፔዳሉን በቀስታ ነካ፤ ከልምዱ የተነሣ ከኋላ የሚመጣውን ግፊያ ጀርባውን አጠንክሮ ጠበቀ።

አልመጣም።

እንዲያውም ከኋላ አንድ ሰው ቀበቶውን በቀስታ ይዞ «ቀስ በል፤ አለሁልህ» የሚለው መሰለው። መኪናዋ ሲጢጥ አላለችም። ሾፌሩ በመስታወት ተሳቢውን አየ፤ በመስታወት ሰማዩን አየ፤ ጭስ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን መኪና ነድቷል፤ ተሳቢው ከመጣ ወዲህ ግን እንዲህ ቀላል ሆናለት አታውቅም ነበር። መሐል መንገድ ላይ ጥሩንባውን ለቀቀው። በመንገዱ ዳር ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ ደንግጠው ዱላቸውን አነሡበት፤ እሱም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ይይዛል! ሁለቱም ይይዛሉ!» አላቸው። ሽማግሌው ምን እንደሚይዝ አልገባቸውም፤ ፊቱን አይተው ግን «ይያዝልህ» ብለው መረቁት።

ግቢው ሲመለስ ገና በሩ ሳይዘጋ ዘሎ ወረደ። የመኪናዋን ጎማ ነካ፤ ሞቃለች፤ ግን እጅ ታስቀምጣለች። ወደ ተሳቢው ሮጠና መዳፉን ጫነበት። ባልደረቦቹ ከልማድ የተነሣ «አንድ! ሁለት!» ብለው ጀመሩ።

«አትቁጠሩ!» ብሎ ጮኸ። «ሞቀ! እናንተዬ፣ ሞቀ!»

በዚያ ግቢ ለቅዝቃዜ ስድስት ዓመት እልል ተብሎ ነበር፤ ለሙቀት እልል ሲባል ግን ያ የመጀመሪያው ነው። ድምፁ ከፊተኞቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሾፌሩ የመኪናዋን አፍንጫ በሁለት እጁ ይዞ ሳማት። «ስድስት ዓመት አማሁሽ» አላት። «በአደባባይ አማሁሽ፤ በአደባባይ ይቅር በዪኝ።» ነጋዴው ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በልቶ ባዶ እጁን ሄደ፤ ሆዱ ግን ሙሉ ስለነበረ አልተቀየመም። በጉ ቀዝቅዞም ጣፋጭ ነበር ይላሉ የበሉት።

ቄስ አድማሱ የሾፌሩን ታሪክ እዚህ ላይ ጨረሱ። ደምሰው ዓይኑን እየጠረገ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ታሪክ ነው» አለ። «ግን አባ፣ የኔን ጥያቄ…»

«እመልስልሃለሁ። መንታዎቹን ማን ያጥባቸዋል?»

«ትርንጎ።»

«እናትህ ከአልጋ ሲነሡ ማን ይደግፋቸዋል?»

«ትርንጎ ናት።»

«ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ልጅ ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ይዞ የሚሮጥ?»

«ትርንጎ» አለ ደምሰው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አንተስ ምን ትይዛለህ?»

«እኔ… እኔ አልቆጣም አባ። ረጋ ብዬ…» ከጥቂት ጊዜ በፊት «አይ ቂል!» ብሎ የመታው ጭኑ ላይ እጁ እንዳለ ነበር። ቀስ ብሎ አነሣው።

ቄስ አድማሱ ወደ እሱ ዞሩ፤ እጃቸውንም ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ልጄ ደምሰው፣ ቤትህ ያቺ መኪና ናት። ትርንጎ ፊተኛዋ፣ አንተ ተሳቢው። ጭነቱ የሁለታችሁ ነው፤ ቁልቁለቱም የሁለታችሁ። እሷ የራሷን ትይዛለች፤ ያንተንም ትይዛለች፤ ስለዚህ ትግላለች፣ ትጮኻለችም። አንተ ምንም ስለማትይዝ ትቀዘቅዛለህ፤ ጎረቤቱም ቅዝቃዜህን ትዕግሥት ብሎ እልል ይልልሃል። ‹ለምን እኔ ሳልቃጠል እሷ ትቃጠላለች?› አልከኝ። ጥያቄህ ውስጥ መልሱ ነበር፤ አንተ ስላልተቃጠልክ ነው። የጋለችውን እንድመክርልህ ጠራኸኝ፤ ፍሬኑ የጠፋው ግን የቀዘቀዘው ጎማ ላይ ነው።

«አትዘን። ተሳቢው ክፉ አልነበረም፤ የተሰበረም አልነበረም። ጡጫ የምታክል አንዲት ቦታ ላይ ዝጎ ነው እንጂ ሲከፈት ወዲያው ይዟል። ቅዳሜ ለምክር አልመጣም፤ ለምሳ ከጠራችሁኝ ግን እመጣለሁ። አሁን ቀጥ ብለህ ወደ ቤትህ ሂድ። መጀመሪያ አሳርፋት። ይቅርታውን ከመናገርህ በፊት ጀሪካኑን አንሣ። ከዚያ በየቀኑ ያዝ፤ ቁልቁለቱ ስለማያልቅ መያዝም አያልቅም። ሳቋ ሲመለስ ትሰማዋለህ። አንተም አንድ ቀን፣ ሁለት ልጅ በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ወጡ እያረረብህ፣ እናትህም እየጠሩህ፣ በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ትጮኽ ይሆናል። ያን ጊዜ አትደንግጥ ልጄ። እግዚአብሔርን አመስግን፤ ሞቀሃል ማለት ነው።»